አንቱ የተባለው ባል

ባህሩዲን በዚያ ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ዋሸ። የመጀመሪያዋ ቀላል ነች፤ ማንም ሰው የሚዋሻት። አብረውት ብስክሌት ለሚነዱ ጓደኞቹ በስልክ ግሩፓቸው ላይ «ኦቨርታይም ገብቻለሁ፤ ዛሬ እለፉኝ» ብሎ ጻፈና ስልኩን አጠፋው። ሁለተኛዋ ግን ቀላል አልነበረችም። እሷን ቀስ ብለን እንደርስባታለን።

ኦቨርታይም የሚባል ነገር አልነበረም። መኪናው ላይ ሁለት ብስክሌት ጭኖ፣ ሚስቱን ሻሂዳን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ከብሩክሊን ፓርክ ወደ ምዕራብ ድራይቭ እያደረገ ነበር። ሻሂዳ «ብስክሌት አስተምረኝ» ካለችው ቆይታለች። ደሴ ልጅ ሳለች ወንድሞቿ ብስክሌት በዙር እየተከራዩ ሲነዱ እሷ ከኋላ ገፊ ነበረች። እንደገፋች፣ አንድ ቀን እንኳ ሳትወጣበት አደገች፤ ተዳረች፤ አሜሪካ መጣች፤ ልጅ ወለደች። ባሏ በሸመገለበት ጊዜ ጠባብ ሱሪ ለብሶ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥፋት ሲጀምር ነው ነገሩ የተነሳባት። «አንተ ብቻህን የምትነዳው እኔ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችው። እሺ አላት።

የመረጠላት ቦታ ጥሩ ነበር፤ ይሄንን አንክደውም። ከከተማው ወጣ ብሎ የሚጀምር የድሮ የባቡር መንገድ ነው። ሀዲዱ ከተነቀለ ዘመን አልፎታል፤ በምትኩ ደቃቅ ጠጠር ተነጥፎበት የብስክሌትና የእግረኛ መሄጃ ሆኗል። መኪና ዝር አይልበትም። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱ በበቆሎ ማሳና በረግረግ መሃል ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ባህሩዲን ግን የመረጠው ለዚያ ብቻ አልነበረም። ሐበሻ የማይደርስበት ቦታ ስለሆነም ነው። ይሄንን ለራሱም ደፍሮ አልነገረውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባህሩዲን ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል። እዚያው ከላይ ቢሮ የሚሠራ ጅሬኛ የሚባል ኢንጂነር በረዶው እንደቀለጠ ምሳ ሰዓት ላይ አግኝቶት «ባህሩ፣ ቅዳሜ ለምን ከእኛ ጋር አትነዳም?» አለው። ጅሬኛና ባለቤቱ ቢሊሴ፣ ሌሎችም የነቀምትና የአዲስ አበባ ልጆች አሉበት፤ የተማሩ፣ ዘና ያሉ፣ ጨዋታ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ሴቶቹም ከወንዶቹ እኩል ነው የሚነዱት። ባህሩዲን ከእነሱ ጋር ሲሆን ሌላ ሰው ይሆናል። ስለ ጎማ ስፋት ያወራል፤ ስለ ማርሽ ያወራል፤ እንግሊዝኛው ሳይቀር ቅዳሜ ቅዳሜ ይሻለዋል። «ባለቤትህን ለምን አታመጣትም?» ሲሉት «እሷ ስፖርት አትወድም» ይላል። ከመካከላቸው ቤቱ የመጣ፣ ሻሂዳን በዓይኑ ያየ አልነበረም።

በዚያ ቅዳሜ ሻሂዳ የያዘችው ልጃቸው አፍናን ድሮ የነዳችውን ወይን ጠጅ ቀለም ብስክሌት ነው፤ ከመሪው ግራና ቀኝ ብልጭልጭ ዘርፍ የተንጠለጠለበት። ረጅም ቀሚሷን በመርፌ ቁልፍ ሰብስባ፣ ከሂጃቧ በላይ የአፍናንን ሄልሜት ደፍታለች። ባህሩዲን ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ «ወደ ፊት እዪ እንጂ ጎማውን አትዪ» ይላታል።

«ጎማውን ካላየሁት ወዴት እንደሚሄድ በምን አውቃለሁ?» ትለዋለች።

ትወድቃለች። እሱ «አብሽሪ» ይላታል። እሷ «አብሽሪህን ተውና አጥብቀህ ያዝ» ትለዋለች። ሁለቱም ይስቃሉ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንዲህ እንደሳቁ አላህ ይወቀው። ላቡ ጠብ እስኪል ሮጦ ሮጦ፣ በመጨረሻ ሳይነግራት ለቀቃት። ሄደች። ያለ እሱ እጅ፣ እየተንገዳገደች ሄደች። ባህሩዲን የራሱን ብስክሌት አንስቶ ተከተላትና አልፏት ፊት ፊቷ ነዳ። «ባህሩ፣ ብቻዬን ነኝ እኮ!» አለች ከኋላው።

ያኔ ነው ከኋላ የብስክሌት ደወል የተሰማው።

ጓደኞቹ ወትሮ የሚሄዱበት ኩን ራፒድስ ያለው የወንዝ ዳር መንገድ ውሃ ሞልቶበት ተዘግቷል። ወደዚህ እንደሚመጡ ግሩፑ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ውሸታሙ ሰውዬ ስልኩን አጥፍቶ አላየውም። ሻሂዳ ደወሉን ሰምታ ዞር ስትል መሪው አመለጣት፤ ከነብስክሌቷ ከመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ገባች።

ባህሩዲን ብስክሌቱን አዙሮ ሲደርስ ቢሊሴ ቀድማ ወርዳ ወይን ጠጁን ብስክሌት ከሻሂዳ ላይ እያነሳች ነበር። ጅሬኛ በመገረም አየው። «ባህሩ? አንተ ሥራ ገብቻለሁ አላልክም?»

«ቶሎ ለቀቁን» አለ ባህሩዲን፤ ይቺ የመጀመሪያዋ ውሸት ጭራ ናት።

«ይቺ እህታችንስ ከአንተ ጋር ናት እንዴ?»

ሁሉም አዩት፤ ቀጥሎ ሁሉም ሻሂዳን አዩ። ባህሩዲንም አያት። በራሱ ዓይን ቢያያት ኖሮ ጥሩ ነበር፤ እሱ ግን በእነሱ ዓይን ነው ያያት። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ሄልሜቱ ወደ ጆሮዋ ዞሯል። የልጅ ብስክሌት፣ ዘርፉ ጭቃ ነክቶት። እነ ቢሊሴ ከላይ እስከ ታች ንጹህ ሆነው ቆመዋል። ፊቱ ነደደ። ምላሱ ከእሱ ቀደመ።

«አይደለችም» አለ። «እኔም ወድቃ ነው ያገኘኋት።»

ይሄ ሳይበቃው፣ አንድም ሰው እንዳይጠረጥር ብሎ፣ ጎንበስ አለና «አይዞዎት እህቴ፣ ተጎዱ እንዴ?» አላት።

ሻሂዳ መዳፏ ላይ የተሰካውን ጠጠር እያራገፈች ቀና ብላ አየችው። ቶሎ አልገባትም። ሲገባት ደግሞ ፊቷ ላይ ታየ፤ ያየው ግን እሱ ብቻ ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በጨዋ ደንብ መለሰችለት።

«ደህና ነኝ፤ አላህ ይስጥልኝ። እርስዎ ይሂዱ፤ ጓደኞችዎ እንዳያመልጡዎት።»

ወገኖቼ፣ ይቺን «እርስዎ» ቀላል ነገር አድርጋችሁ እንዳታይዋት። እነዚህ ሁለቱ የተጋቡ ሰሞን የባህሩዲን እናት ሙሽሪትን ጠርተው «ልጄ፣ ባልሽን አንቱ በይ፤ የእኛ ቤት ደንብ ነው» ብለዋት ነበር። የሻሂዳ እናትም እስኪሞቱ ድረስ ባላቸውን አንቱ ሲሉ ነው የኖሩት። ሻሂዳ ግን «እማማ፣ አንቱ የምለው የማልቀርበውን ሰው ነው፤ የማልቀርበው ሰው ጋ ደግሞ አላድርም» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ አማቲቱም እጅ ሰጡ። ባህሩዲን ይቺን ወሬ ለስንቱ ሲያወራት ኖሯል። ሚስቴ እንዲህ ናት እያለ።

ቢሊሴ ነርስ ናት። «እናንተ ሂዱ፤ እኔ እጇን አጥቤላት መኪናዋ ድረስ እሸኛታለሁ» አለቻቸው። ሌሎቹ ተነሱ። ባህሩዲንም አብሯቸው ተነሳ። አዎ፣ ተነሳ። ሚስቱን ቦይ ዳር ትቶ ከጓደኞቹ ጋር ነዳ። ጅሬኛ ከጎኑ ሆኖ «ደግ አደረግህ፣ ብቻዋን ትሆን ነበር» ሲለው ራሱን ነቀነቀ።

በቆሎውን አልፈው ወደ አንድ አሮጌ ድልድይ ሲቃረቡ ከጀርባ ኪሱ የሆነ ነገር ወገቡን ሲነካው ተሰማው። ዳበሰው። የመኪናው ቁልፍ ነው። ሻሂዳ መኪናው ጋ ብትደርስም የምትገባበት የላትም። «መመለሴ ነው» አለ እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገራቸውም፤ ጠጠሩን እየበተነ ወደ ኋላ ከነፈ።

ፓርኪንጉ ጋ ሲደርስ ሻሂዳ በተዘጋው መኪና ጥግ ሣሩ ላይ ተቀምጣለች፤ እጇ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል። ቢሊሴ አጠገቧ ናት። ሻሂዳ ቁልፉ ባሌ ጋ ነው ብላታለች፤ ሴትዮዋም ደግ ሆና ባሏ እስኪመጣላት እየጠበቀቻት ነው። እንግዲህ ያኔ እንኳ ወጥቶ «እኔ ነኝ» ማለት ይችል ነበር። እሱ ምን አደረገ? ከሩቅ ወረደና ብስክሌቱን ከሕዝብ መጸዳጃ ቤቱ ጀርባ አስጠግቶ ተደበቀ። ጸጉሩን የተላጨ፣ ልጅ ያደረሰ ሰውዬ፣ ቁልፍ በእጁ ጨብጦ፣ ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሁለት ሴቶች ወሬ ያዳምጣል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወድ ነበር። መሬት ግን ለእንዲህ ዓይነቱ አትከፈትም።

«ስልክሽን ስጪኝ» አለች ቢሊሴ። «እሁድ እሁድ እረፍት ነኝ፤ እኔ አስተምርሻለሁ። ባልሽ ግን እንዲህ ጥሎሽ የት ሄደ?»

«ይመጣል» አለች ሻሂዳ። «አንቺ ሂጂ፣ አታስቢ። እሱ እንዲህ አያስቀረኝም።»

ቢሊሴ ብስክሌቷ ላይ ወጥታ ከሄደች በኋላ ባህሩዲን ቁልፉን ይዞ ብቅ አለ። ሻሂዳ ከሣሩ ላይ ተነሳች። ቀሚሷን አራገፈች።

«መጡ?» አለችው።

ቤት ሲገቡ ያልፋል ብሎ ነበር። አላለፈም። ማታ «እራት ይቅረብልዎ?» አለችው። ጠዋት «ኮትዎን አይርሱ» አለችው። በሥራ ሰዓት ቴክስት ስታደርግለት «ወተት ይዘው ይምጡ» ብላ ነው። ጩኸት የለ፣ ኩርፊያ የለ፣ ሳህን መወርወር የለ። ሻሂዳ ስትቆጣ እንዴት እንደምትሆን ባህሩዲን ያውቃል፤ ድምፅዋ ጎረቤት ይደርሳል፤ እሱም ይመልሳል፤ ከዚያ ሻይ ይጠጣሉ። ይሄኛውን ግን የሚይዝበት እጀታ አጣ። ሰው አከበረችኝ ብሎ ምን ይከሳል?

ክፋቱ ደግሞ የሰማው ሁሉ ማመስገኑ ነው። እህቱ ሀሲባ ከደሴ ቪዲዮ ደውላ እያወሩ ሳለ ሻሂዳ ከጓዳ «ሻይዎ ቀዘቀዘ» አለች። ሀሲባ ጆሮዋን ማመን አቃታት። «ወላሂ ባህሩ፣ ታድለሃል። ሌላው አሜሪካ ሄዶ ይበላሻል፣ ያንተዋ ጨዋ ሆነች። እማ ኖራ በሰማች።» ባህሩዲን ሻዩን ያዘና መጠጣት አቃተው። አፍናን ብቻ ናት የሸተታት። አማርኛዋ ጎዶሎ ነው፤ ጆሮዋ ግን አይደለም። «ዳድ፣ ዋይ ኢዝ ሺ ቶኪንግ ቱ ዩ ላይክ ዩ አር ሰም ኦልድ ጋይ?» አለችው። የማታውቀውን ሽማግሌ እንደምታናግር ነው የምታናግርህ ማለቷ ነው። በትክክል አገኘችው።

አንድ ቀን ምሽት ላይ ኩሽና በር ላይ ቆሞ «ሻሂዳ፣ አፉ በይኝ» አላት።

ሻሂዳ ሽንኩርቱን ከመክተፍ አላቋረጠችም። «ምን አጠፉና? ወድቄ አገኙኝ፤ አይዞዎት አሉኝ። ደግ ሰው ነዎት።»

እሱም አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ለጓደኞቹ ጉልበቴን አሞኛል ብሎ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዱን ተወ። ሻሂዳ ግን እሁድ እሁድ ሄልሜቷን ይዛ ትወጣለች። ስትመለስ የቀሚሷ ጠርዝ ላይ ነጭ የጠጠር አቧራ አለ። ከማን ጋር እንደምትሄድ ያውቃል፤ ለመጠየቅ ግን ምን መብት አለው?

ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ጅሬኛ ግሩፑ ላይ ጻፈ፦ በረዶ ሳይጥል ቤተሰብ ሁሉ የሚገኝበት የመጨረሻ ጉዞ፣ በባቡር መንገዱ፤ ምግብ እናመጣለን፤ «ባህሩ፣ ዘንድሮ ሳናያት እንዳታሳልፈን፣ ባለቤትህን ይዘህ ና»። ባህሩዲን ስልኩን ይዞ ሳሎን ገባና «ቅዳሜ አብረን እንሂድ?» አላት።

«እኔ ተጠርቻለሁ፤ ቢሊሴ ትወስደኛለች» አለች። «እርስዎ በራስዎ ይሂዱ።»

ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብታጋልጠውስ? ጅሬኛን ሰኞ በምን ዓይኑ ያየዋል? መቅረትም አሰበ። ብቀር ደግሞ፣ አለ ለራሱ፣ እሷ ዕድሜ ልኳን አንቱ እንዳለችኝ ልትኖር ነው። ሄደ።

ሲደርስ ከመንገዱ መነሻ ላይ ያሉት ጠረጴዛዎች በምግብ ተሞልተዋል። ሻሂዳ በመሃላቸው ቆማ ትስቃለች። ያው ወይን ጠጅ ብስክሌት ከአጠገቧ ነው፤ ጭቃው ታጥቧል፣ ዘርፉ ግን እንዳለ ነው። ቢሊሴ ባህሩዲንን ስታይ እጁን ይዛ ጎተተችው።

«ሻሂዳ፣ ይሄን ሰው ታስታውሺዋለሽ? ያኔ ወድቀሽ ያገኘሽ እኮ ነው።»

ሁሉም ይሰማሉ። ባህሩዲን አሁን ነው፤ አሁን ትናገራለች ብሎ ጠበቀ። ሻሂዳ ዓይኑን አየችው።

«አስታውሳቸዋለሁ» አለች። «ጥሩ ሰው ናቸው። አመሰግናቸዋለሁ።»

በቃ። ይሄው ነው። ሸፈነችለት። በዚሁ ቢተወው ማንም ምንም አያውቅም፤ እንጀራውን በልቶ፣ ስለ ጎማ አውርቶ፣ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል። ጅሬኛ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ባህሩዲን ሰሃን እንኳ አንስቶ ነበር።

«ባልሽስ? ዛሬም ሳናየው?» አለች ቢሊሴ።

«ሥራ ገባ» አለች ሻሂዳ። «እሱ ቢመጣማ ደስ ይለኝ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ከኋላ ይዞኝ ሲሮጥ ብታዪው። ሳይነግረኝ ለቀቀኝ፣ ሄድኩ። ያን ቀን እሱ ነው ብስክሌት ያስያዘኝ።»

«ገባ» ነው ያለችው፤ «ገቡ» አይደለም። «እሱ»፤ «ይዞኝ»፤ «ለቀቀኝ»። ስንት ጊዜ ሲናፍቃት የቆየው ቃል ይቺው አጠገቡ ናት፤ የምትሰጠው ግን ለሌላ ሰው ነው፤ ሥራ ለገባው፣ ለሌለው። ባህሩዲን በዚያ ሰውዬ ቀና። በገዛ ራሱ ቀና። ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ መለሰው።

«ሥራ አልገባም» አለ።

ቢሊሴ ዞረች። «አንተ በምን አወቅህ?»

«እኔ ነኝ ባሏ።» አለ ባህሩዲን። «ያኔም እኔ ነበርኩ። አብረን ነው የመጣነው። አፍሬባት ነው አላውቃትም ያልኳችሁ።»

ጅሬኛ የጫማውን ጫፍ አየ። አንዷ እናት ልጇን ወደ ራሷ ሳበች፤ ለምን እንደሳበችው እሷም የምታውቅ አይመስልም። ቢሊሴ እያሰበች፣ «መጸዳጃው ጀርባ ቆሞ የነበረው ብስክሌት ያንተ ነበር» አለች። «አይቼው ነበር እኮ። አንዱን ሆዱን አሞት ነው ብዬ አዝኜ ነው የሄድኩት።»

የሳቀ የለም። ቢስቁለት ይሻለው ነበር። ባህሩዲን ሻሂዳን አየ፤ ይቅርታ ያገኘ መስሎት። ሻሂዳ ፊቷ ላይ ይቅርታ አልነበረም። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ እንባውን ጠባሳ በቀረበት መዳፏ ጠረገችና ሄልሜቷን አጠለቀች። ቀሚሷን ሰበሰበች። ወይን ጠጁ ብስክሌት ላይ ወጥታ፣ ማንም ሳይዛት፣ በጠጠሩ መንገድ ብቻዋን ሄደች።

ባህሩዲን ጓደኞቹን ቀና ብሎ ለማየት አልደፈረም። ብስክሌቱን ይዞ ተከተላት። ጠጠሩ ከጎማው ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ከጀርባው የሁሉም ዓይን ማጅራቱን ያቃጥለዋል። ሻሂዳ ፊት ፊቷን እያየች ነው የምትነዳው፤ ጎማውን አታይም። አጠገቧ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ድምፁን ሰምታ፣ ሳትዞር፣ ጎረቤት በሚሰማው በዚያ በድሮ ድምፅዋ ተናገረችው።

«ራቅ ብለህ ንዳ። ልትጥለኝ ነው?»

ይንዱ አላለችም። ባህሩዲን ፍሬኑን ያዘ። የሚያዩት ሁሉ እያዩት፣ ራቅ ብሎ፣ ከኋላዋ ነዳ።